ከሺዎቹ የተረፉት ጥቂቶች፦ የአሮጌ ፒክአፕ መኪናዎች ብርቅነትና ዋጋ

ማንኛውም ዕቃ ባረጀ ቁጥር ዋጋው እየቀነሰ እንደሚሄድ ከዕለት ተዕለት ኑሯችን እናውቃለን። ያረጀ ጫማ፣ ያረጀ ራዲዮ፣ ያረጀ ብስክሌት ከአዲሱ ይረክሳል። አንዳንድ ዕቃዎች ግን ይህን ሕግ የሚከተሉት እስከ ተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ዋጋቸው ለዓመታት ሲወርድ ይቆይና ከአንድ ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ደርሶ ተመልሶ መውጣት ይጀምራል። ከ1940ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የተመረቱት፣ በተለምዶ ፎር ዊል ድራይቭ የምንላቸውና ሞተራቸው አራቱንም ጎማዎች የሚያዞር ፒክአፕ መኪናዎች ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል ይመደባሉ። በጥንቃቄ ታድሰው ለሽያጭ ሲቀርቡ አንዳንዶቹ ከአዲስ መኪና የሚበልጥ ዋጋ ያወጣሉ።

ለምን ይሆን? “ስለ አረጁ ነው” የሚለው መልስ አያረካንም፤ በዚያው ዘመን የተሠሩ ብዙ የቤት አውቶሞቢሎች ዛሬም በአነስተኛ ዋጋ ይሸጣሉና። በዚህ ጽሑፍ ብርቅነት እንዴት እንደሚፈጠር፣ ዋጋ ከብርቅነት ጋር ምን ዝምድና እንዳለው፣ እድሳትም ምን ሊመልስ እንደሚችልና ምን እንደማይችል በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በሒሳብ መነጽር እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

ለጭቃ የተወለደ መኪና

በመጀመሪያ አራቱን ጎማ ማዞር ለምን እንዳስፈለገ እንይ። መኪና ወደ ፊት የሚሄደው በሚዞረው ጎማና በመሬቱ መካከል ባለው ሰበቃ አማካይነት ነው። የሰበቃው ኃይል ትልቁ መጠን፣ በሚዞሩት ጎማዎች ላይ ያረፈው ክብደት በሰበቃ ኮፊሸንት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ባዶ ፒክአፕ ሞተሩ ከፊት ስለሆነ አብዛኛው ክብደቱ በፊት ጎማዎቹ ላይ ያርፋል። ለምሳሌ 2,000 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ባዶ ፒክአፕ ውስጥ 800 ኪሎ ግራሙ ብቻ በኋላ ጎማዎች ላይ አርፏል፤ የእርጥብ ጭቃው የሰበቃ ኮፊሸንትም 0.3 ነው እንበል። የኋላ ጎማዎች ብቻ ሲሠሩ መኪናው ሊያገኝ የሚችለው ትልቁ የመግፋት ኃይል 800 በ9.8 በ0.3 ተባዝቶ 2,352 ኒውተን ይሆናል። አራቱም ሲሠሩ ግን 5,880 ኒውተን ይደርሳል። ልዩነቱ 2.5 እጥፍ ነው። ባለ ሁለት ዲፈረንሲያል መኪና ሌላው ከቀረበት ማጥ ተንፏቆ የሚወጣበት ምስጢር ይኸው ነው።

ይህ ጥቅም ግን በነጻ አይገኝም። ከዋናው ካምቢዮ ቀጥሎ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍል ሁለተኛ የማርሽ ሳጥን፣ ለፊት ጎማዎች ሌላ ዲፈረንሲያል፣ እየዞሩም እየታጠፉም ኃይል የሚያስተላልፉ መጋጠሚያዎች ያስፈልጋሉ። ክብደቱ፣ ዋጋውና የነዳጅ ፍጆታው ስለሚጨምር በዚያ ዘመን አራቱን ጎማ የሚያዞር ፒክአፕ የሚገዛው በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነበር።

በአሜሪካ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚሁ ከፍላጎት ማነስ ነው። ማርሞን ሄሪንግተን የተባለው የኢንዲያናፖሊስ ኩባንያ ከ1935 ጀምሮ የፎርድን የጭነት መኪናዎች እየቀየረ በአራት ጎማ የሚነዱ ያደርጋቸው ነበር። ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ግን ለረጅም ጊዜ ሥራውን ለሌሎች ትተውት ቆዩ። ሸቭሮሌ በአራት ጎማ የሚነዳ ፒክአፕ ከፋብሪካው ማቅረብ የጀመረው በ1957 ሲሆን ፎርድ በ1959 ሞዴሉ ተከተለው። ከእነርሱ የቀደመው ዶጅ ነበር። ድርጅቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ያመርታቸው ከነበሩት መኪናዎች ልምድ ተነሥቶ “ፓወር ዋገን” የተባለውን ፒክአፕ በ1946 ሞዴልነት ለሲቪል ገበያ አቀረበ። መኪናው 3.8 ሊትር መጠን ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተርና 94 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ በጥሩ መንገድ ላይ እንኳ ቀርፋፋ ነበር። ነገር ግን እንጨት ቆራጮች፣ የኤሌክትሪክ መስመር ዘርጊዎች፣ የእሳት አደጋ ብርጌዶችና ገበሬዎች ፍጥነትን አልጠየቁትም። በአሜሪካ ገበያ እስከ 1968፣ ለውጭ ገበያ ደግሞ እስከ 1978 ድረስ መልኩን እምብዛም ሳይለውጥ ተመረተ።

እዚህ ላይ የብርቅነትን የመጀመሪያ ምክንያት እናገኛለን፤ ከመነሻው የተሠሩት ጥቂት ነበሩ። ሆኖም ይህ ምክንያት ብቻውን በቂ አይደለም። ዋናው ጉዳይ ከተሠሩት መካከል ስንቱ ተረፈ የሚለው ነው።

የመትረፍ ሒሳብ

በፊዚክስ ትምህርት ስለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች መበስበስ ተምረናል። በየዓመቱ የሚበሰብሰው ድርሻ ቋሚ ከሆነ የቀሪው መጠን በኤክስፖኔንሻል ሕግ ይቀንሳል። የመኪናዎችንም ዕልቂት በግርድፉ በዚሁ ሕግ ልንገምተው እንችላለን።

10,000 የቤት አውቶሞቢሎችና 10,000 የሥራ ፒክአፖች በአንድ ዓመት ተመረቱ እንበል። ከአውቶሞቢሎቹ በየዓመቱ 4 በመቶ፣ ከፒክአፖቹ ደግሞ 8 በመቶ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናሉ ብለን እንነሣ። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የመረጥናቸው እንጂ ከቆጠራ የተገኙ አይደሉም። ከ50 ዓመት በኋላ የቀሩትን አውቶሞቢሎች ለማግኘት 0.96ን በራሱ 50 ጊዜ አባዝተን በ10,000 ስናበዛው ወደ 1,300 ይሆናል። ለፒክአፖቹ 0.92ን በተመሳሳይ መንገድ ስናሰላ የምናገኘው ወደ 155 ብቻ ነው። የዓመታዊው ጥፋት መጠን እጥፍ ቢሆንም የተረፉት ብዛት ግን በስምንት እጥፍ ያነሰ ሆነ። የግማሽ ዕድሜያቸውን ብናሰላ የአውቶሞቢሎቹ 17 ዓመት ገደማ፣ የፒክአፖቹ ደግሞ 8 ዓመት ከጥቂት ወር ነው።

የሥራ ፒክአፕ በእርግጥ በፍጥነት የሚያልቅባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። የቤት መኪና አስፋልት ላይ ይነዳል፣ ማታ ጥላ ሥር ያድራል፣ በየጊዜው ይታጠባል። ፒክአፑ ግን ድንጋይ ይጫንበታል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ማዳበሪያና ጨው ይፈስበታል፣ ዝናብ ላይ ያድራል። ላሜራው ሲጎብጥ በመዶሻ ይቃናል እንጂ ቀለም አይቀባም። ባለቤቱ የሚያየው እንደ አካፋና ዶማ ነው። አካፋ ሲሰበር ደግሞ ማንም ለመታሰቢያ አያስቀምጠውም።

ሌላም አደጋ አለ። በጽሑፋችን መጀመሪያ የጠቀስነው የዋጋው ዝቅተኛ ነጥብ ለመኪናው ከሁሉ የከፋ ዕድሜ ነው። በዚህ ጊዜ የአንድ ካምቢዮ ጥገና ከመላው መኪና ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት ሁሉ መኪናውን ለመለዋወጫ ይበታትነዋል ወይም ለብረት ማቅለጫ በኪሎ ይሸጠዋል። የዛሬው ከፍተኛ ዋጋ የተፈጠረው እንግዲህ ያን ጊዜ በነበረው ዝቅተኛ ዋጋ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ርካሽነት ብርቅነትን ወለደ፤ ብርቅነት ደግሞ ውድነትን።

ዝገት፦ ዋናው ጠላት

በሰው እጅ ከመበታተን የተረፈው መኪና ሌላ ጠላት ይጠብቀዋል። ዝገት ተራ መቆሸሽ ሳይሆን የኤሌክትሮኬሚስትሪ ሂደት ነው። በብረቱ ገጽ ላይ የውሃ ጠብታ ሲያርፍ ጥቃቅን ባትሪዎች ይፈጠራሉ። በአንዱ ነጥብ ላይ የብረት አቶሞች ሁለት ሁለት ኤሌክትሮኖችን እየለቀቁ ወደ አዮንነት ተለውጠው ወደ ውሃው ይገባሉ፤ ይህ ነጥብ አኖድ ነው። ኤሌክትሮኖቹ በብረቱ ውስጥ ተጉዘው ካቶድ ወደሚሆነው ሌላ ነጥብ ይደርሳሉ፤ በዚያም ኦክሲጅንና ውሃ ተቀብለዋቸው ሃይድሮክሳይድ አዮን ይሠራሉ። ሁለቱ አዮኖች ተገናኝተው፣ ተጨማሪ ኦክሲጅንም ሲደርሳቸው፣ የምናውቀው ቀይ ቡናማ ዝገት ይፈጠራል። ዝገቱ ከተገኘበት ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥሩ እየገፋ ይልጠዋል፤ በተደራረቡ ላሜራዎች መካከል ሲፈጠርም ብየዳውን እስከ መፈልቀቅ ይደርሳል።

ይህን ባትሪ የሚያፋጥነው ጨው ነው። በቀዝቃዛ አገሮች በረዶን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ የገበታ ጨው የውሃን የመርጊያ ነጥብ ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያወርደው ይችላልና። ይኸው የጨው ውሃ ግን ኤሌክትሪክን በሚገባ የሚያስተላልፍ ኤሌክትሮላይት ስለሆነ ሻንሲውን ከሥር ይበላዋል። በአንጻሩ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች በሆነበት ሥፍራ ንጹሕ ብረት የሚዝገው እጅግ በዝግታ ነው። ለዚህም ነው እንደ አሪዞና ባሉ ደረቅ የአሜሪካ ግዛቶች ሜዳ ላይ ለአሥርተ ዓመታት የቆመ ፒክአፕ ሻንሲው ደኅና ሆኖ የሚገኘው። እርግጥ ነው፣ በረሃውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ጎማውን ይሰነጥቃል፣ የመቀመጫውን ልባስ ያደርቃል፣ ቀለሙንም ያነጣዋል። ሆኖም ላስቲክና ጨርቅ ይተካል፤ የተበላ ሻንሲ ግን በቀላሉ አይተካም።

ከዚህ አንጻር የእንግሊዙ ላንድሮቨር ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። መኪናው በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ አካሉ የተሠራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነበር። ምክንያቱ የዝገት ጥናት አልነበረም፤ ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለነበርና አሉሚኒየም ማግኘት ይቀል ስለነበር ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው በገጹ ላይ እጅግ ስስ የሆነ ጥብቅ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚሠራ ራሱን ይከላከላል። በችግር ምክንያት የተደረገው ምርጫ ስለዚህ የብዙ ላንድሮቨሮችን አካል ለትውልድ አቆየ። ሻንሲያቸው ግን ብረት በመሆኑ ይዝጋል፤ አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር በሚነካካበት ቦታ ደግሞ እርጥበት ሲገባ በሁለቱ ብረታ ብረቶች መካከል ባትሪ ተፈጥሮ አሉሚኒየሙ ራሱ መበላት ይጀምራል።

ሕግም ብርቅ ያደርጋል

ብርቅነት በተፈጥሮ ብቻ አይወሰንም። የጃፓኑን ቶዮታ ላንድክሩዘር እንመልከት። 40 የተሰኘው ተከታታይ ምርት በ1960 ተጀምሮ በጃፓን እስከ 1984 የቆየ ሲሆን፣ ኤፍ ጄ 45 የተባለው ረጅሙ ዓይነት ፒክአፕ ሆኖ ለብዙ አገሮች ተልኳል። በአሜሪካ ግን የተሸጠው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ ሽያጩ በ1967 አብቅቷል። በዚያው ዘመን አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ሲጥሉ አሜሪካ በአጸፋው ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለች። “የዶሮ ቀረጥ” የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ይህ ሕግ ዋናዎቹ ተከራካሪዎች ከተረሱ በኋላም ከውጭ የሚመጡ ብዙ ፒክአፖችን ሲያስወድድ ኖሯል።

በ1988 የወጣው ሌላ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ተቃራኒ በር ከፈተ። በሕጉ መሠረት ዕድሜው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ መኪና የአገሪቱን የደኅንነት ደረጃ ባያሟላም ሊገባ ይችላል። በዚህም የተነሣ በሌላ አገር ተራ የሥራ መኪና የነበረው ፒክአፕ ውቅያኖስ ተሻግሮ እንደ ቅርስ ይሸጣል። አንድ መኪና ብርቅ ነው ስንል “የት?” ብለን መጠየቅ ይገባናል ማለት ነው።

ማደስ ምን ይመልሳል?

የተሟላ እድሳት መኪናውን እስከ መጨረሻው ብሎን መፍታት፣ ዝገቱን ማጽዳት፣ የተበላውን ላሜራ ቆርጦ መበየድ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን መጠገን፣ ቀለም መቀባትና መልሶ መግጠም ነው። ከመለዋወጫው ይልቅ ዋጋውን የሚያንረው የሰው ጉልበት ሰዓት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የእድሳቱ ወጪ መኪናው ተሽጦ ከሚያወጣው ይበልጣል። መለዋወጫ በጠፋ ጊዜም አንዱን ለማዳን ሁለትና ሦስት ሌሎች ይፈታሉ። የታደሰው ቁጥር አንድ ሲጨምር ሊታደስ የሚችለው ቁጥር ከዚያ በበለጠ መጠን ይቀንሳል።

ከዚህ ሥራ በስተጀርባ ያለው ሳይንስ ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ዝገትን በአሸዋ ግፊት መጥረግ ለወፍራም ሻንሲ ይበጃል፤ ስስ ላሜራን ግን ያጎብጠዋል። ለትናንሽ ዕቃዎች ኤሌክትሮሊሲስ ይመረጣል፤ ዕቃው በሶዲየም ካርቦኔት ውሁድ ውስጥ ይነከርና ከባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ጋር ይያያዛል። ይህን የሚሞክር ሰው ሃይድሮጅን ጋዝ እንደሚወጣና ሊፈነዳ እንደሚችል አውቆ በክፍት ቦታ መሥራት አለበት፤ በሌላው ጫፍም የማይዝግ ብረትን ፈጽሞ መጠቀም የለበትም፤ መርዛማ የክሮሚየም ውሁድ ይፈጥራልና። የአሮጌ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙን በአየር ግፊት ማራገፍ ለሳንባ ካንሰር መጋለጥ ነው።

ሞተሩም የራሱ ጥያቄ አለው። በዚያ ዘመን ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር፤ እርሳሱም የቫልቭ መቀመጫዎችን ከመበላት ይከላከል ነበር። ለመኪናዎች የሚሸጥ እርሳስ ያለበት ቤንዚን በ2021 ከመላው ዓለም ጠፍቷል፤ ይህም ለሕፃናት አእምሮ ታላቅ ድል ነው። ስለዚህ አዳሹ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ቢገጥም መኪናው ከመጀመሪያው ይዘቱ ቢርቅም ሥራውን ይቀጥላል።

ይህ ምሳሌ ወደ ዋናው ቁም ነገራችን ያደርሰናል። እድሳት አገልግሎትን ይመልሳል፤ መልክን ይመልሳል፤ የመጀመሪያነትን ግን ሊመልስ አይችልም። የፋብሪካው ቀለም፣ የብየዳው አሻራ፣ በመቀመጫው ሥር የቀረው ጽሑፍ፣ መኪናው እንዴት እንደተሠራና ምን ሥራ እንደሠራ የሚናገሩ ማስረጃዎች ናቸው። አንድ ጊዜ በአሸዋ ከተጠረጉ ተመልሰው አይመጡም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰብሳቢዎች መልኩ የጎሰቆለ ግን ያልተነካካ መኪናን አንዳንድ ጊዜ ከሚያብረቀርቀው አስበልጠው ይገዛሉ። ላንድሮቨር በ2016 ጥንታዊ መኪናዎቹን ራሱ ማደስ ሲጀምር 25 መኪናዎችን ብቻ መርጦ በመጀመሪያው ፋብሪካ ዝርዝር መሠረት እንደሚሠራቸው ያስታወቀውም የዚሁ ታማኝነት ዋጋ ስለገባው ነው።

ዋጋ ባለበት ማጭበርበርም አለ። ይሁንና ሳይንስ መልስ አያጣም። ተራ ማግኔት ከቀለም ሥር ወፍራም ስቱኮ በተለጠፈበት ቦታ ላይ አይጣበቅም። የሻንሲ ቁጥር ተፍቆ ሌላ ቢመታበት እንኳ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ሲመታ ከሥሩ ያለው የብረት ክሪስታል ስለተዛባ፣ መርማሪዎች ገጹን ለስላሳ አድርገው አሲድ ሲቀቡት የጠፋው ቁጥር ደብዝዞ ይታያል። ብረት ያስታውሳል።

ከእኛ ደጃፍ

በአገራችን ጋራዦች ውስጥ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ላሜራ የሚሉት ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ዛሬም ይሰማሉ። ቃላቱ የሙያው ውርስ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው በቃል መተላለፉን ይመሰክራሉ። የጠፋ ዕቃን ቀርጾ የሚተካ፣ የሞተርን ሕመም በድምፁ የሚለይ መካኒክ፣ በሌላ ዓለም በውድ ዋጋ የሚፈለገው ዕውቀት ባለቤት ነው። ይህ ዕውቀት በአብዛኛው አልተጻፈም፤ ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮት ያልፋል።

በየከተማው ጥግ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ጀርባ፣ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ፒክአፕ ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ያ መኪና ዛሬ ምናልባት በዋጋው ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ይገኛል፤ ቁራሌው በኪሎ ሊመዝነው ይችላል። ሁሉም ይታደስ ማለታችን አይደለም፤ ብዙዎቹ የሚጠቅሙት ቀልጠው ሌላ ብረት ሲሆኑ ነው። ነገር ግን ከመመዘኑ በፊት አንድ ሰው ቀርቦ ቁጥሩን ቢያነብ፣ ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ ምን ሥራ ሲሠራ እንደኖረ አሮጌውን ሾፌር ቢጠይቅና ቢመዘግብ ወጪው አንድ ደብተርና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከተማሪ የተሻለ ማን አለ?